ዝም ያሉት አሥሩ

ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ የኔታ መሪጌታ ሰይፈ ሥላሴ
ጥንጫ አቦ

የኔታ፣ እንደምን ሰነበቱ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ መስመር ሳልጽፍልዎ እርስዎ ቀድመው ጻፉልኝ። አፍሬአለሁ። ኔትወርክ ስለጠፋ ነው እንዳልል፣ ረዳቱ ገዱ በየሳምንቱ ከአውቶቡሱ ጋር ይመላለሳል፤ ደብዳቤ እንደሚያደርስም አውቃለሁ። ምክንያት የለኝም። ወረቀትዎን ሲሰጠኝ «የኔታ ናቸው የጻፉልሽ፤ እጅሽን ታጥበሽ ክፈቺው» አለኝ። አፉ አሁንም አያርፍም።

ምን እንደምማር ጠይቀውኛል። ወንጀል ነው የምማረው። ይስቁብኛል ብዬ ለእናቴ እንኳን አልነገርኳትም። የሞላሁት ሕግ ነበር፤ ምደባው ሲመጣ የወንጀል ጥናት ሆነ። ሌባ የምንይዝ ፖሊሶች አይደለንም፣ የምንፈርድ ዳኞችም አይደለንም። የእኛ ሥራ ሰው ለምን ወንጀል ይሠራል ብሎ መጠየቅ ነው።

የመጀመሪያው ምዕራፍ የድሮዎቹን ያነሣል። ጥንት ወንጀለኛ ጋኔን ያደረበት ሰው ነው ይባል ነበር። ቀጥለው የመጡት ሰው ጥቅሙንና ቅጣቱን መዝኖ ነው የሚሠራው አሉ፤ ስለዚህ ቅጣት የማይቀር ከሆነ ከባድ መሆን አያስፈልገውም። ከእነርሱ በኋላ አንድ የጣሊያን ሐኪም የእስረኞችን ራስ ቅል እየለካ፣ ሌባ ከእናቱ ሆድ ሌባ ሆኖ ይወለዳል አለ። ጆሮው ሰፊ፣ መንጋጋው የወጣ፣ ግንባሩ ወደ ኋላ የሸሸ ነው ብሎ ጻፈ። መምህራችን ሥዕሉን ሲያሳየን ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔ የአባቴን ግንባር ለማስታወስ እየሞከርኩ ነበር።

ስለ እርሱ ብዙ መጻፍ አልችልም። የቤተ ክርስቲያናችንን የብራና ወንጌል ሰርቀሃል ተብሎ ሰባት ዓመት ከተፈረደበት ሦስተኛው ዓመት ሊሞላ ነው። አንድ ቀን ሄጄ አልጠየቅሁትም። በወረቀቱ ጠርዝ ላይ በእርሳስ የጻፍኩትን ጥያቄ ከቻሉ ይመልሱልኝ። ካልቻሉ ያጥፉት።

ልጅዎ ሃና ልደቱ


ኅዳር 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለወለተ ማርያም

አገር ሁሉ ሃና ቢልሽም ለእኔ የክርስትና ስምሽ ይቀናኛል። እንደምን ከረምሽ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ። የዘንድሮ ተማሪዎቼ ዘጠኝ ናቸው፤ አራቱ ይገባቸዋል፣ አምስቱ ደግሞ ይዘፍናሉ።

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብሁት። አንዱን ጊዜ ያነበብሁት ለእናትሽ ነው። የግንባሩን ነገር ዘለልሁባት። ወንጀል እንደምትማሪ ስትሰማ «ተምራ ልትሠራው ነው ወይስ ልትተወው?» አለችኝ። ሳቅን። ከሳቀች ቆይታ ነበርና አትቆጪ።

ያ ሐኪም ወደ ጥንጫ ቢወርድ ኖሮ መጀመሪያ የሚያስረው እኔን ነበር። ጆሮዬን ታውቂዋለሽ። ጎረቤታችን ጥበብ እስከ ዛሬ «የኔታ፣ ንፋስ ሲነሣ ወደ ገደሉ አይጠጉ» ይለኛል። ስለ ሚዛኑ የጻፍሽው ግን አሳስቦኛል። ሰው ይመዝናል ማለታቸው መልካም። ነገር ግን ሰውየው በሚዛኑ ላይ የሚያስቀምጠውን ድንጋይ ሁሉ ሌላው ያየዋል? ያላየ ሰው «ይህ ሚዛን ተዛብቷል» ይላል።

እናትሽ ፍቅርአዲስ በየቅዳሜው ስንቅ ይዛ ወደ ማረሚያ ቤቱ ትወጣለች። አንድ ቅዳሜ አልቀረችም። ማድ ቤታችሁ ቆርቆሮው ከተነሣ ወዲህ ክፍት ነው። በሣር ከድነንላት ነበር፣ ክረምቱ አፈረሰው። በዝናብ ጊዜ ምድጃውን ወደ ትልቁ ቤት ታስገባለች።

«አባቴ ሰርቋል?» ብለሽ በእርሳስ የጻፍሽውን አላጠፋሁትም። አልመለስሁትምም። ስለ ናቅሁሽ አይደለም፤ ይቅር በይኝ። ይልቅ ቀጥሎ ያለውን ምዕራፍ ጻፊልኝ። ሰው ይህን ያህል ስለ ክፋት አስቦ መጽሐፍ መጻፉ ገርሞኛል።

ሰይፈ ሥላሴ


ታኅሣሥ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

የኔታ፣ ለጤናዎ እንደምን ነዎት?

በመጀመሪያ ይቅርታ። ባለፈው ሳምንት ደባርቅ ነበርኩ። ወደ ጥንጫ የሁለት ሰዓት ቁልቁለት ነው፤ አልወረድኩም። ማረሚያ ቤቱም ከሁለት ሰዓት መንገድ አይበልጥም፤ አልሄድኩም። ወርቄ ሻይ ቤት ተቀምጬ አውቶቡስ ጠበቅሁ። «የልደቱ ልጅ አይደለሽም?» አለችኝ። «ነኝ» አልኳት። ሻዩን አቀረበችልኝና ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ስልኳን አንሥታ ወደ ጓዳ ገባች።

ስለዚህ ነገር አንድ ምዕራፍ አለን። ሰው ሌባ የሚሆነው ሲሰርቅ ሳይሆን ሌባ ሲባል ነው የሚሉ አሉ። ስም ይለጠፍበታል፤ ጎረቤት በስሙ ያየዋል፤ በመጨረሻ ራሱም በዚያ ስም ራሱን ያያል። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ የአንዲት ልጅ ካልኩሌተር ጠፋ። ማንም አልጠየቀኝም። ሁሉም ቦርሳዬን አዩ። እኔም ቦርሳዬን ከፍቼ ፈተሽሁ።

ሌላው ምዕራፍ እንዲህ ይላል፤ ወንጀል እንዲፈጸም ሦስት ነገሮች በአንድ ቦታ መገናኘት አለባቸው፤ የሚፈልግ ሰው፣ የሚወሰድ ነገርና የጠባቂ አለመኖር። አባቴ የቤተ ክርስቲያኑ ዘበኛ ነበር። አለመኖሩ ሳይሆን መኖሩ ነው ያስፈረደበት።

ወደ ደባርቅ የመጣሁት ለቤት ሥራ ነው። አንድ የወንጀል መዝገብ አንብባችሁ ተንትኑ ተባልን። ሌላው ተማሪ የማያውቀውን ሰው መዝገብ መረጠ። እኔ የአባቴን አስገለበጥሁ። በእርሱ ላይ የተቆጠረው ይህ ነው። አስተዳዳሪው አባ ተክለ ማርያም በጥቅምት 2014 ሲያርፉ የዕቃ ቤቱ ቁልፍ በእርሱ እጅ ቀረ። በግንቦት ቅርስ የሚመዘግቡት መጥተው የወንጌሉን ሣጥን ሲያስከፍቱ ባዶ ሆኖ ተገኘ። ደግሞ ሌብነቱ ቢከብደው ለነፍሱ ብሎ የማድ ቤቱን ቆርቆሮ ነቅሎ ለማያውቀው መንገደኛ መቃብር ከደነ የሚል የጎረቤት ቃል አለ። «መጽሐፉ የት ነው?» ተብሎ ተጠየቀ። መዝገቡ «ተከሳሹ ዝም አለ» ይላል።

ከፋይሉ ጋር የአውጫጭኙ ቃል ተያይዟል። አጥቢያው ሁሉ ዋርካው ሥር እየተጠራ «ያየኸውን የሰማኸውን ተናገር» ተብሎ ሲምል የተጻፈው ማለቴ ነው። ሁለት መቶ ስድስት ሰው ተጠርቷል። መምህራችን መዝገብ ሲነበብ ይቆጠር ብሎናልና ቆጠርሁ። «አላየሁም፣ አልሰማሁም» ያለው መቶ ዘጠና ስድስት ነው። አሥር ሰው ላይ «ዝም አለ» ተብሎ ተጽፏል። የእርስዎ ስም አርባ ሦስተኛው ነው። ከጎኑ «ዝም አለ» ይላል።

መምህራችን «ሌባውን ፈርተው ነው» አለ። የኔታ፣ ጥበብ ከአሥሩ አንዱ ነው። ነብር በዱላ ያባረረ ሰው አባቴን ይፈራል? ደግሞ አሥሩም በየወሩ በአምስት ከአባቴ ጋር የአቦን ጽዋ የምትጠጡ ማኅበርተኞች ናችሁ።

በዚህ ልጨርስ። አንድ ምዕራፍ ብቻ ልጨምርልዎ፤ ይወዱታል። ሰው ለምን ይሰርቃል ብላችሁ አትጠይቁ፣ ለምን አይሰርቅም ብላችሁ ጠይቁ ይላል። መስረቅማ ቀላል ነው። የሚያስገርመው ሌላው ሰው ሁሉ መተዉ ነው። ያሰረው ምንድን ነው?

ሃና


ጥር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለወለተ ማርያም

እንደምን አለሽ? ለልደት እንደማትመጪ እናትሽ ብታውቅም ድፎ ደፍታ ነበር። ድርሻሽን ጥበብ በላው። «እሷ ትማር፣ እኔ ልብላላት» አለ።

የመጨረሻውን ምዕራፍ ካነበብሁ ወዲህ ሌላ ነገር ማሰብ አቅቶኛል። በልደት ሌሊት ማሕሌት ቆመን ወደ ሕዝቡ ዞር ብዬ አየሁ። ቅጽሩ ሞልቷል። የወሰን ጠብ ያለባቸው ሁለት ወንድማማቾች ትከሻ ለትከሻ ቆመዋል። ባልዋን የገደለው ሰው ከፊቷ የቆመባት ሴት አለች፤ ታውቂያታለሽ። ገሚሱ ዱላ ይዟል፣ ገሚሱ ጠመንጃውን ከዛፉ ሥር አስደግፏል። ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋት ማንም ማንንም አልነካም። ሁሉም ፀሐይ ሲወጣ እንጀራውን በልቶ ወደ ቤቱ ገባ። ስድሳ ሦስት ዓመት እዚያው ቆሜ ኖሬ ይህን አላየሁትም ነበር። ፈራሁ ብልሽ ይሻላል። ገደል አፋፍ ላይ የሚያስፈራውን ዓይነት ፍርሃት ነው እንጂ የጅብ ፍርሃት አይደለም። ይህን ጥያቄ የጠየቀ ሰው የት አገር ቢሆን ሰው የተሰበሰበበት ቦታ ቆሞ ያየ ሰው ነው።

ያሰረው ምንድን ነው ብለሽኛል። ከመጽሐፍሽ ጻፊልኝና ከእኔው ጋር ላስተያየው።

ስለ አሥሩ የጻፍሽውን አንብቤአለሁ።

አንድ ጥያቄ አለኝ። በትምህርታችሁ በመዝገብ ያለ፣ በምድር ግን የሌለ ወንጀል ስም አለው?

ሰይፈ ሥላሴ


ጥር 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

የኔታ፣

ጥያቄዎን ለመምህሬ ወሰድሁት። እኛ የምንማረው ግልባጩን ነው። የተሰወረው ቁጥር ይባላል፤ በምድር ላይ የተፈጸመ፣ ፖሊስ ዘንድ ያልደረሰ ወንጀል ነው። ከሚታየው የማይታየው ይበልጣል ይላሉ። እርስዎ የጠየቁትን ስለው መምህሬ ብዙ አሰበ። «ስም ያለው አይመስለኝም። ማን ነው የጠየቀሽ?» አለኝ። «የቅኔ መምህር» አልኩት። «ቅኔ ነዋ!» ብሎ ሳቀ። እኔ ግን ቅኔ እንዳልሆነ ወደ ዶርሜ ስመለስ መንገድ ላይ ገባኝ። አጥር ተደግፌ ቆምኩ።

ከዚህ በኋላ የምጽፈውን አይመልሱልኝ።

ነሐሴ 2013 ነው። ጦርነቱ ሊማሊሞን እየወጣ ነው ተባለ። እኔና እናቴ ወደ ጎንደር ለመሸሽ ጓዝ እያሰርን ነበር። በበራችን ላይ ቃሬዛ ይዛችሁ አለፋችሁ። በሰሌን የተጠቀለለ ነበር። አባቴ ማታ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ገባና «አንድ መንገደኛ ሞቶ አግኝተን ቀበርነው» አለ። እኔ ያየሁት ግን አንድ ነገር ነበር። አባ ተክለ ማርያም ከቃሬዛው ኋላ ሲሄዱ መስቀል ብቻ ነው የያዙት። መጽሐፍ የያዘም፣ ጥና የያዘም አልነበረም። ለሽፍታ እንኳ ፍትሐት ያልከለከሉ ሰው! «ፍትሐት ሳይደረግለት ተቀበረ?» ብዬ አባቴን ጠየቅሁት። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮኸብኝ።

በጥቅምት አባ አረፉ። በኅዳር አባቴ የማድ ቤታችንን ቆርቆሮ ነቀለ። እናቴ «ለማታውቀው ሬሳ ዝናብ አይምታው ብለህ እኔን ታስመታኛለህ?» አለችው። ዝም አላት።

የኔታ፣ ሰው መዋሸት ካልፈለገ፣ መናገርም ካልቻለ፣ ዝም ይላል። ደፋሩ ጥበብም፣ ተናጋሪው እርስዎም፣ አባቴም። ይህን ሁሉ ሰው በአንድ ቃል የሚያስር ፍርሃት የለም። ግዝት ነው። የገዘቱት ደግሞ ሞተዋል።

ሄጄ ልቆፍር ብዬ ነበር። እኔን የገዘተኝ የለም። ግን የሌባ ልጅ ከመቃብር ብራና ይዛ ብትወጣ «አባቷ የደበቀበትን ነገራት» ነው የሚባለው። ፍርዱን አጸናበታለሁ። መናገር ያለባቸው የቀበሩት ናቸው። እነርሱ ደግሞ መፈታት አለባቸው።

አይመልሱልኝ ብያለሁ። ስለ አየሩ ይጻፉልኝ።

ሃና


ጥር 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለወለተ ማርያም

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እናትሽ ደኅና ናት። ተማሪዎቼ ደኅና ናቸው።

በዚህ ሳምንት ያልታሰበ የበጋ ዝናብ ጣለ። የሰው ገለባ ሁሉ ረጠበ። ከዝናቡ በፊት ብርቱ ንፋስ ነበር። ጥበብና እኔ ወደ መቃብር ስፍራው ሄደን፣ ንፋሱ ያነሣውን ቆርቆሮ አስተካክለን ድንጋይ ጫንንበት።

ከትናንት ጀምሮ ጾም ይዣለሁ። ባለፈው ደብዳቤዬ መጠየቅ ያልነበረብኝን አንድ ጥያቄ ጠይቄሻለሁ። ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ሰይፈ ሥላሴ


የካቲት 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

የኔታ፣

«ተሳስተሻል» አላሉኝም። ስለዚህ ወደ ሊቀ ጳጳሱ ዘንድ ሄድሁ።

ሦስት ቀን በር ላይ ቆየሁ። ጸሐፊው «ጉዳይሽን በወረቀት አቅርቢ» አለኝ። «አንድ የሞቱ ካህን ያኖሩት ግዝት እንዲፈታ» ብዬ ጻፍሁ። «ስለ ምን የተገዘተ?» አለኝ። «አላውቅም» አልኩት። «የማታውቂውን ግዝት ልታስፈቺ መጣሽ?» ብሎ ጓደኛውን ጠራው። ሁለቱም አዩኝ። ሴት፣ ተማሪ፣ ሱሪ የለበሰች። በሁለተኛው ቀን የእናቴን ቀሚስ የመሰለ ነገር ተውሼ መጣሁ።

በሦስተኛው ቀን ብፁዕ አባታችን ከቅዳሴ ሲወጡ መንገድ ላይ እግራቸው ሥር ወደቅሁ። አስነሡኝ። የጠየቁኝ ሦስት ነገር ብቻ ነው።

«የገዘቱት በሕይወት አሉ?»
«አርፈዋል አባታችን።»
«የታሰሩት ስንት ናቸው?»
«የማውቃቸው አሥራ አንድ ናቸው።»
«ከእነርሱ የሚጎዳ አለ?»
«አንዱ ሰባት ዓመት ተፈርዶበታል።»

ስለ ምን እንደሆነ አልጠየቁኝም። ቁመው ቆዩ። አንድ ዲያቆን ጃንጥላ ይዞ ነበር፤ እጁ ሲዝል አየሁት። ከዚያ ገብተው በገዛ እጃቸው ጻፉ። ጸሐፊው ማኅተም ሲያደርግበት ቀና ብሎ አላየኝም።

ዋናውን ከዚህ ጋር ልኬአለሁ። ገዱ ኪሱ ውስጥ ሳይሆን ደረቱ ላይ አድርጎ እንዲያደርስ አስምዬዋለሁ። «ምንድን ነው? የሎተሪ ዕጣ ነው?» አለኝ። የሚነበበው በመጋቢት አቦ፣ ሕዝቡ ሁሉ ባለበት ቢሆን ደግ ነው። ግልባጩ እኔ ጋ ነው፤ ለአባቴ የማነብለት ራሴ ነኝ።

ያሰረው ምንድን ነው ብለው ጠይቀውኝ ነበር። መጽሐፉ አራት ነገር ይላል፤ ሰው የሚወደው ሰው፣ አጣዋለሁ ብሎ የሚሳሳለት ሥራ፣ ቀኑን የሚይዝበት ነገርና እምነት። እነዚህ ያሉት ሰው ወንጀል አይሠራም። ሰውን ወህኒ ሊያስገቡትም እንደሚችሉ ግን አይልም።

ሃና


መጋቢት 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለወለተ ማርያም

አሁን መጻፍ እችላለሁ።

ከትናንት በስቲያ፣ በአቦ ዕለት፣ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ሳይበተን አዲሱ አስተዳዳሪ መምሬ ሀብተ ሚካኤል ወረቀቱን ከፈቱ። እርሳቸው ምንም አያውቁም። ከበሩ ላይ ቆመው አነበቡ። «አባ ተክለ ማርያም በሕይወተ ሥጋ ሳሉ በጥንጫ አቦ ምእመናን ላይ ያኖሩት ግዝት ሁሉ፣ ስለ ምን እንደ ሆነ ሳይጠየቅ፣ በተሰጠን ሥልጣን ተፈትቷል።» አጠፉት። «የሚመለከተው ካለ ሰምቷል» አሉ።

ማንም አልተንቀሳቀሰም። እኔ አፌን ከፈትሁ፤ ሦስት ዓመት ከመንፈቅ የዘጋሁት አፍ ነውና ድምፅ አልወጣውም። አሥራችንም ሕዝቡ መካከል ተበትነን ቆመናል። አንዳችን ሌላውን አናይም። ከኋላዬ የጥበብ ድምፅ ተሰማ።

«አካፋ ያለው አለ?» አለ።

አሥራችን ከሕዝቡ እየወጣን ወደ መንገደኛው መቃብር ሄድን። የጠራን የለም። ሕዝቡ ተከተለን። አንዲት ሴት «ሬሳ ሊያወጡ ነው!» ብላ ጮኸች። በዓሉን ሊጠብቅ የመጣ አንድ ፖሊስ ጠመንጃውን ይዞ ሮጠ፤ «የማን መቃብር ነው የምትነኩት?» አለ። አሥራችንም በአንድ አፍ «የማንም አይደለም» አልን። ሳንማከር ነው። በዚያ ቃል ሕዝቡ መንገድ ከፈተልን። እናትሽ ከፊት ነበረች። ቆርቆሮውን እኔ ሳነሣ ሌላኛውን ጫፍ እርስዋ ያዘች።

አንድ ክንድ ከስንዝር ያህል ቆፍረን ደረስንበት። ሰሌኑ ሲታይ መምሬ ሀብተ ሚካኤል «ቁሙ» አሉ። ፖሊሱም «አይፈታ፤ የሚመለከታቸው ይምጡ» አለ። ልክ ነው። እንደ ተጠቀለለ አውጥተን መቅደስ አስገባነው። ቃሬዛውን የያዝነው ያኔ የያዝነው ነን፤ ከዘመነና ከልደቱ በቀር። ዘመነ ያን ዓመት በጦርነቱ መሞቱን ታውቂያለሽ። ልደቱ የሚይዝበትን ቦታ ክፍት ተውነው።

አሁን ልንገርሽ። ያን ቀን አባ መጽሐፉን ሰም በጠጣ ጨርቅ፣ በላዩ በበሬ ቆዳ ጠቅልለው፣ እኛን አሥራ ሁለታችንን አቁመው «እኔ ፈትቼ እስክናገር ድረስ የተናገረ፣ የጠቆመ የተወገዘ ይሁን» አሉ። ጦርነቱ ሲርቅ ሊያወጡት ነበር። አንድ ቀን አተኮሳቸው፣ በሦስተኛው አረፉ። ሳይፈቱን ሞቱ። ያሰረ ከሞተ የሚፈታው ጳጳስ መሆኑን እናውቃለን። ግን ጳጳስ ዘንድ ሄዶ «ፍቱኝ» ያለ «ከምን?» ይባላል፤ ከምን እንደሆነ መናገር ደግሞ ግዝቱን ማፍረስ ነው። በዚህ ክብ ውስጥ ሦስት ዓመት ዞርን። ሳይነገር መፈታት እንዳለ ማናችንም አላሰብንም። እኔ ሠላሳ ዓመት ቅኔ ያስተማርሁ ሰው ነኝ።

አባትሽ ከተፈረደበት በኋላ አራት ጊዜ ተሰብስበናል። አራቱንም ጊዜ «እርሱ ራሱ ታሥሮ ካልተናገረ እኛ በምን አፋችን?» ብለን ተለያየን። አንዳችን ብንናገር የእርሱ መታሠር ከንቱ ይሆናል አልን። ይህን የሚል ሰው ሃይማኖተኛ ይሁን ፈሪ፣ እስከ ዛሬ አልለየሁትም። መጽሐፍሽ የሚለይበት ምዕራፍ ካለው ጻፊልኝ። ለእርሱም ለአንቺም የምለው ይቅርታ አለኝ፤ በወረቀት የሚጻፍ አልሆነልኝም።

አሥራችንም ቃላችንን ሰጥተን ፈርመናል።

ሰይፈ ሥላሴ


መጋቢት 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

የኔታ፣

ቅዳሜ ከእናቴ ጋር ሄድሁ። ሽቦው በዚህና በዚያ ነው፤ መካከሉ አንድ እርምጃ ይሆናል። አባቴ መጥቶ ቆመ። ከስቷል። ግንባሩን አየሁት፤ እንደ ማንኛውም ሰው ግንባር ነው።

«አደግሽ» አለኝ።
«አዎ» አልኩት።
«ትምህርት እንዴት ነው?»
«ጥሩ ነው።»

እናቴ «ስለ ሌላ ነገር ነው የመጣችው» አለችው። ወረቀቱን አውጥቼ አነበብሁለት። ስጨርስ «ድገሚው» አለኝ። ደገምሁት። የአባ ተክለ ማርያም ስም ላይ ስደርስ ኮፍያውን አወለቀ። ማኅተሙን በሽቦው አስጠግቼ አሳየሁት። ብዙ ጊዜ አየው። ጠባቂው «ሰዓት» አለ።

የምለውን አዘጋጅቼ ነበር። ሦስት ዓመት አልመጣሁም፣ ሰርቀሃል ሲሉ አምኜባህ ነበር ልለው ነበር። ከሁሉ በፊት መቼ እንደሚወጣ ይጠይቀኛል ብዬ ስለ ይግባኙ ሁሉ አጥንቼ ሄጃለሁ። አልጠየቀኝም። ከሦስት ዓመት ከመንፈቅ በኋላ ስለዚያ ነገር ያወጣው የመጀመሪያ ቃል ይህ ነው።

«ቆርቆሮው ይዟል?»

አልገባኝም ነበር። «ዝናብ ገብቶበታል ወይ? ደረቅ ነው?» አለኝ።

ዝም አልኩ የኔታ። አላየሁትምና። ጠባቂው ሲወስደው ወደ ኋላ እየዞረ ፊቴን ያይ ነበር። ከፊቴ ላይ መልሱን ሊያነብ።

መምህሬ ነገሩን ነግሬው «በየትኛው ንድፈ ሐሳብ ታብራሪዋለሽ?» አለኝ። ሁሉንም ሞከርኳቸው። እያንዳንዱ እንደ አጭር ጋቢ ነው፤ ራስ ሲሸፍኑበት እግር ይወጣል። የቤት ሥራውን ሁለት መቶ ስድስቱን ቃል ቆጥሬ አስረከብሁ። ከሥሩ ምንም አልጻፍሁም።

ስመለስ ወርቄ ቤት ሻይ ጠጣሁ። ስልኳን ጠረጴዛው ላይ ትታ ወደ ጓዳ ገባች።

ለቅዳሜ መልስ ይዤ መሄድ አለብኝ። ጥቅሉ ሲፈታ አይተው ይጻፉልኝ። ደረቅ ነው?

ሃና


መጋቢት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለወለተ ማርያም

ገዱ እንዲቸኩል ነግሬዋለሁ፤ አሳጥሬ እጽፋለሁ።

ትናንት ከቅርስ የመጡት ሰዎችና ዐቃቤ ሕጉ ባሉበት ጥቅሉ ተፈታ። ሰሌኑ በስብሶ በእጃችን ቀረ። ቆዳው ላይ ሻጋታ አለ። ጥበብ «ወይኔ አባ» ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ጨርቁ ሲፈታ እኔም አላየሁም፤ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ግን ሰማሁ። መምሬ ሀብተ ሚካኤል የመጀመሪያውን ቅጠል ሲገልጡት ደረቅ ብራና የሚያሰማውን ድምፅ አሰማ። ሁለተኛውንም ገለጡት። ሕዝቡ ውጭ ሆኖ ያንኑ ድምፅ ሰምቶ እልል አለ።

ለልደቱ ደረቅ ነው በዪው።

ዐቃቤ ሕጉ የመፈቻው ወረቀት ሳምንታት ይፈጃል ብሏል። እስከዚያ ጥበብና እኔ ዛሬ ማድ ቤታችሁን ከደንነው። ቆርቆሮውን ጣሪያ ላይ ሳናወጣው አንድ በአንድ ወደ ፀሐይ አንሥቼ አየሁት። የድሮ የምስማር ቀዳዳ ሊኖረው ይገባል ብዬ ነው። ብርሃን የሚያሳልፍ አንድ እንኳ አጣሁ። አባትሽ ከመቃብሩ በላይ ሳያደርገው እያንዳንዱን ቀዳዳ በሰም ደፍኖት ነበር። ሠላሳ ስምንት ቆጠርሁ። አዲስ ቀዳዳ አላበጀንለትም፤ ምስማሩን በዚያው በሰሙ ላይ መታነው።

እናትሽ ምድጃዋን መልሳለች።

ሰይፈ ሥላሴ